ቤንዚን ቤንዚን የሚሉ ሽማግሌዎች

መኪና አለኝ ስላችሁ ሌላ ነገር እንዳታስቡ። መስታወቷ የሚወርደው በመዳፍ ተገፍቶ ነው፤ በሯ የሚዘጋውም ትንሽ ከተለመነ በኋላ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ቀለሟን ሲጠይቀኝ «ሰማያዊ ነበረች» እላለሁ። ቢሆንም መኪና ናት። እንጅባራ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶ የሚኖር ሰው፣ ሰማዩ አልቅሶ በማይጠግብበት ከተማ፣ ከነወረቀቱ የሚጠለልበት ቆርቆሮ ካገኘ፣ ቆርቆሮውም በዚያ ላይ የሚሄድ ከሆነ፣ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ነገሩ የጀመረው በሽታ ነው። በሽታ ስል ሕመም ማለቴ አይደለም፤ አፍንጫ የሚያውቀውን ሽታ ማለቴ ነው። እያደር ግን ሁለቱ አንድ ሆኑብኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቴ ብርቱካን ኮቴን ልታቀብለኝ አነሳችና፣ የሞተ አይጥ በጭራው እንደያዘ ሰው ክንዷን ዘርግታ ከራሷ አራቀችው።

«ቤንዚን ቤንዚን ይላል» አለችኝ።

«መኪና ያለው ሰው ታዲያ ምን ምን ሊል ኖሯል?» አልኩና ደረቴን ነፋሁ።

«ጋሽ አለነ ላም አላቸው። ላም ላም ሲሉ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽተት ሥራዬ ሆነ። ሱቄን ከመክፈቴ በፊት መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አሸታለሁ፤ ምሳ ሰዓት ላይ አሸታለሁ፤ ማታ ስገባ አሸታለሁ። መንገደኛው ቆም ብሎ ያየኝና ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። ከሁሉ የሚያናድደው ሽታው እንደ ወባ መምጣት መሄዱ ነው። ቤንዚን በቀዳሁ ማግስት ይነሳብኛል፤ ጥቂት ቀን ሲያቅለሸልሸኝ ይሰነብትና ልክ ልይዘው ስል ጥፍት ይላል።

ቤንዚን ደግሞ ከቧንቧ እንደሚቀዳ ውሃ አድርጋችሁ እንዳታዩት። ማደያው ቤንዚን ገባለት የተባለ ዕለት ከተማው ሥራ ፈትቶ ይሰለፋል። እኔም ሱቄን ዘግቼ፣ ከባጃጆቹ ጭራ ተሰልፌ፣ ውዬ ውዬ ተራዬ ሲደርስ «አፍ እስከ ገደፉ ሙላልኝ» እላለሁ፤ ነገ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? እንዲህ ተለፍቶበት የተገኘ ቤንዚን በየመንገዱ ጠብ ጠብ ይላል ብሎ ማሰቡ ራሱ ሆድ ያባባል።

ስለዚህ አንድ ማታ ካርቶን ዘርግቼ መኪናዋን በላዩ አቆምኩ። ጠዋት ሮጬ ብመለከት ካርቶኑ ርሷል! ደስታዬን አልቻልኩትም። ጎረቤቴን ጋሽ አለነን ጠራኋቸው። ጋሽ አለነ ዕድሜያቸውን በሙሉ ትልልቅ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡት ግን ከመሪው ነው እንጂ ከወሬው አይደለም። የሰፈሩ መኪና ሲያስነጥሰው ምርመራው እሳቸው ዘንድ ነው።

ጋሽ አለነ ቁጢጥ አሉ። ጣታቸውን እርጥቡ ላይ አሳረፉ። አሸተቱ። ፊታቸውን ኮሶ እንደጠጣ ሰው ቋጠሩ።

«ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«ቆይ። የዛሬ ሹፌር በአፍንጫው ያውቃል። የጥንት ሹፌር በምላሱ ነው።»

ቀመሱት። ዓይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙት።

«ቤንዚን ነው» አሉ። «ግን ንጹሕ አይደለም፤ ውሃ ተቀላቅሎበታል። ጨውም ያለው መሰለኝ። ማደያው ተጫውቶብሃል!»

ደሜ ፈላ። ኮቴን ለብሼ ማደያው ጋ ሄጄ ልጣላ ስነሳ አንድ ባለጋሪ እያፏጨ መጣና፣ አጥሬ ጥግ፣ ከመኪናዋ ኋላ አስሮት ያደረውን ፈረስ መፍታት ጀመረ። ፈረሱ በዚያች ሰዓት ምን እንደታየው እንጃ፣ ፊታችን እግሩን ፈርከክ አደረገና ካርቶኑ ላይ አዲስ ናሙና ሰጠን። ብዙ ነበር። ይጨስም ነበር።

ባለጋሪው «ይቅርታ፣ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ያደርገዋል» አለ።

ጋሽ አለነ ምሳቸውን እስኪበሉ ሲተፉ ዋሉ። ከዚያ በኋላ እኔ ፊት ቤንዚን የሚባል ቃል ሲነሳ ስለ ዝናቡ ያወሩ ጀመር።

ጋራዥም ወስጃታለሁ። መካኒኩ ስር ገብቶ፣ ከታንከሩ ጀምሮ እስከ ሞተሩ ድረስ ቱቦውን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ እየጠረገ ተመለከተ፤ ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀ፤ አጠፋና ጠበቀ። አንዲትም ጠብታ የለችም። ሽታውም የዚያን ቀን በሰላም ዕረፍት ላይ ነበር።

«መኪናህ ጤነኛ ናት» አለኝ እጁን እየጠረገ። «አፍንጫህን ግን ታየው።»

ቤቴ ገብቼ ራሴን በሎሚ ታጠብኩ። ብርቱካን አሸተተችኝና «አሁን ደግሞ ቤንዚን በሎሚ ትላለህ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ብንተወው ኖሮ ነገሩ የእኔና የብርቱካን ጉዳይ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን ታናሽ ወንድሜን ይበልጣልን ፍቅር ያዘው።

ይበልጣል አዘና ላይ አስተማሪ ነው። ዳንግላ ለሥልጠና ሄዶ ትሁን ከምትባል እንደሱው አስተማሪ ከሆነች ልጅ ጋር ተዋወቀና፣ ተመልሶ ሲመጣ ምግብ የማይበላ፣ ጥያቄ የማይሰማ፣ ስልኩን አይቶ ብቻውን የሚስቅ ፍጥረት ሆኖ መጣ። ሽማግሌ ላክን። መምሬ ጥሩነህ የነፍስ አባታችን፣ ሐጂ ሰይድ ከሱቄ አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡት፣ ሦስተኛ ደግሞ ራሳቸው ጋሽ አለነ። መጀመሪያ የሄዱት በሚኒባስ ነበር። መምሬ እስከ ዳንግላ ድረስ የማያውቋት ሴት የዶሮ ቅርጫት ጭናቸው ላይ ተቀምጦ ሄዱ። ዶሮዎቹም መምሬን አላከበሯቸውም።

የልጅቱ አባት አቶ እንየው የወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው። ሽማግሌዎቹን ሰምተው «ከዘመድ እንምከርበት» ብለው የመልስ ቀን ቀጠሩ። ቀጠሮ ከመስጠታቸው በፊት ግን አንድ ረጅም ንግግር አድርገው ነበር። ወፍጯቸው ናፍጣ አጥቶ በቆመ ቁጥር በጀሪካን የሚቸረችሩ ሰዎች እንዴት እንደሚጫወቱባቸው ካወሩ በኋላ ጠረጴዛውን መትተው «ነዳጅ በጀሪካን ከሚነግድ ቤት ጋር፣ ልጄን መስጠት ቀርቶ፣ ሰላምታም የለኝ!» አሉ። ሽማግሌዎቹም በአንድ ድምፅ «እኛስ ብንሆን!» ብለው ተመለሱ።

ለመልሱ ቀን እኔ ምላሴ አላርፍ አለች። «ሽማግሌ እንደ ዶሮ በሚኒባስ ተጠቅጥቆ አይሄድም! በራሴ መኪና አድርሼ፣ በራሴ መኪና እመልሳለሁ!» አልኩ። ይበልጣል ዘሎ አቀፈኝ። ብርቱካን ብቻ መስኮቱን ከፈተች።

በዋዜማው ማደያው ቤንዚን ገባለት። ተሰለፍኩ፤ አፍ እስከ ገደፉ አስሞላሁ። በማግስቱ ሽታው ከእንቅልፉ ነቃ።

ጋሽ አለነ ከፊት፣ መምሬና ሐጂ ከኋላ ተቀመጡ። ነጭ ጋቢ፣ የተወለወለ ጫማ፣ ከዘራ። የግንቦት ዝናብ ገና ከከተማው ሳንወጣ ጀመረን፤ መስታወቶቹን በመዳፌ ወደ ላይ ገፋኋቸው። ያን ጊዜ ሽታው ቤት ያገኘ እንግዳ ይመስል ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«ይሄ ነገር ምንድን ነው?» አሉ ሐጂ ሰይድ፣ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው።

«ከፊታችን ካለው መኪና ነው» አልኩ።

«ከፊታችን መኪና የለም እኮ።»

«ያልፋል፣ ሐጂ፤ ያለፈው መኪና ሽታ ነው» አሉ ጋሽ አለነ፣ እኔን ለማዳን ይሁን ያን ካርቶን ላለማስታወስ እንጃ። ወዲያው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።

መንገዱ ላይ ጉድጓድ አለ፤ አስፋልቱም እንደ ሰው ያረጃል። መኪናዋ አንዷን ጉድጓድ ዘላ ሌላይቱ ውስጥ ባረፈች ቁጥር ከኋላ ወንበር ስር የሆነ ነገር «ቦጭ» ይላል። እኔ የመምሬ ሆድ መስሎኝ በአክብሮት ዝም አልኩ። መምሬ ደግሞ የሐጂ መስሏቸው ኖሮ እንደኔው ዝም ብለዋል።

አዲስ ቅዳም ከተማን፣ በመንገዱ ዳር የተደረደረውን የከሰል ማዳበሪያ ሁሉ አልፈን ጥቂት እንደሄድን፣ ከኋላ አንድ ያልተለመደ ድምፅ ሰማሁ። መምሬ ጥሩነህ ይስቃሉ። መምሬ እኮ በሰርግ ላይ እንኳ ፈገግ ሲሉ ያየ ሰው የሌለ፣ ቆፍጣና ሰው ናቸው!

«ምነው፣ መምሬ?» አሉ ሐጂ።

«ላሟን እይዋት» አሉ መምሬ በመስኮቱ እያሳዩ። «ሂሂሂ። ላም እኮ ናት።»

ላሟ ዝም ብላ ሣር ትግጣለች። ምንም የሚያስቅ ነገር አላደረገችም።

ያኔ ነው ልቤ ስንጥቅ ያለው። ሽታው መምሬን አስክሯቸዋል! የወንድሜ ትዳር ደግሞ የተንጠለጠለው በመምሬ ንግግር ላይ ነው። ዝናቡም ቢሆን ይግባ ብዬ መስታወቶቹን ሁሉ አወረድኩና መምሬን ራሳቸውን ወደ ውጭ አውጥተው እንዲተነፍሱ ለመንኳቸው። እንዲህ ሆነን፣ አንድ ቄስ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ለላሞች እየሳቁ፣ ዳንግላ ገባን።

አቶ እንየው በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ወይዘሮ ፈንታዬ፣ ባለቤታቸው፣ ከኋላቸው ቆመዋል። ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ ግን ዝናቡ ሰማዩን ስላጠቆረው ውስጡ ደንገዝገዝ ብሏል። አምፖሉ በርቷል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ።»

«የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም» አሉ ሐጂ ሰይድ። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ ወጉ ነው። ሦስቱ ተሰልፈው ቆሙ። እኔ ሹፌር ነኝና ከኋላቸው በሩ ጥግ ተለጠፍኩ። ከዚያ ሆኜ ነው የመምሬን ጋቢ ያየሁት። ከወገባቸው በታች ያለው ሁሉ ጠቁሯል። ጎንበስ ብዬ ነካሁት፤ ይንጠባጠባል። ጣቴን ወደ አፍንጫዬ አቀረብኩ። ያን ስፈልገው የኖርኩትን ቤንዚን መምሬ ላይ ተጠልሎ አገኘሁት!

ጋሽ አለነን በጆሯቸው «የመምሬ ጋቢ ቤንዚን ጠጥቷል» አልኳቸው።

ይህን ብዬ አፌን ሳልዘጋ መብራት ጠፋ።

«አይ መብራት!» አሉ ወይዘሮ ፈንታዬ፤ ጓዳ ገብተው ሻማና ክብሪት ይዘው ብቅ አሉ። ጫር አደረጉና ሻማውን ለኩሰው ወደ ሽማግሌዎቹ ሲጠጉ ጋሽ አለነ በዚያ ዕድሜያቸው አንድ እርምጃ ዘለው፣ «ፉ!»

ጨለማ።

«ይቅርታ፣ እመቤቴ» አሉ ጋሽ አለነ። «እንጥሻ መጣብኝ።»

«ይማርዎ» አሉ ወይዘሮ ፈንታዬና እንደገና ጫሩ። በዚህ መሃል እኔ ለሐጂም በጆሯቸው ነግሬያቸው ነበር። ሐጂ ሰይድ ጨዋ ሰው ናቸው፤ «በፈቃድዎ» ብለው አጠፉት።

አቶ እንየው ከወንበራቸው ተነሱ። ክብሪቱን ከባለቤታቸው ተቀበሉ፤ ራሳቸው ለኮሱና ሻማውን ከፍ አድርገው የሽማግሌዎቹን ፊት አንድ በአንድ ሊያዩ ተጠጉ። እኔና ጋሽ አለነ ትንፋሻችንን ሰብስበን ስንዘጋጅ መምሬ ቀደሙን። መምሬ ስለ ጋቢያቸው የሚያውቁት ነገር የለም። ግን ሁለቱ ጓደኞቻቸው ተራ በተራ ሻማ ሲያጠፉ አይተው፣ የዳንግላ ወግ መስሏቸው ኖሮ፣ ጎንበስ ብለው በትሕትና «ፉ!» አሉት። ከዚያ «ሂሂሂ።»

«ሽማግሌዎች!» አሉ አቶ እንየው ከጨለማው ውስጥ። «የመጣችሁት ልጅ ልትለምኑ ነው ሻማ ልታጠፉ?»

መልስ ሳይጠብቁ አቶ እንየው ማሽተት ጀመሩ። አንዴ አሸተቱ፤ ደግመው አሸተቱ። ከዚያ ባልና ሚስት፣ አዊኛ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ጥርሳቸውን የነቀሉበት የአካባቢው ቋንቋ መሆኑን ረስተው፣ እኛ የማንሰማ ይመስል በአዊኛ መንሾካሾክ ጀመሩ።

«እነዚህ ሰዎች ቤንዚን ቤንዚን ይላሉ።»

«እኔስ ምን እያልኩሽ ነው? በጀሪካን የሚቸረችሩት እነሱ ናቸው!»

ሐጂ ሰይድ ከዚህ በላይ አልቻሉም። እሳቸውም በአዊኛ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እኛ አንሸጥም! ይፈስብናል እንጂ!» አሉ።

ከዚያ በኋላ መደበቅ የለም። ከበሩ ጥግ ወጣሁና ስለ ሽታው፣ ስለ መካኒኩ፣ ስለ ጉድጓዱ አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩት፤ የፈረሱን ነገር ብቻ ለጋሽ አለነ ክብር ስል ዘለልኩት። በሩን ከፈትኩና መምሬን በትከሻቸው አዙሬ የጋቢያቸውን ጀርባ በበሩ ብርሃን አሳየሁ። መምሬ ጉዳዩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ሳቃቸው እንደ መብራቱ ጠፋ።

«እኔ ነኝ እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው። «በእሳት መሃል ስመላለስ የነበርኩት እኔ ነኝ?»

ወይዘሮ ፈንታዬ «በስመአብ!» ብለው ጋቢውን ከላያቸው ገፈፉና ወስደው ዝናብ ላይ ሰቀሉት። የአቶ እንየውን አዲስ ጋቢ አምጥተው አለበሷቸው። አቶ እንየው ይህን ሁሉ አዩና እንዲህ አሉ፦

«ይቺ መኪና ግቢዬ ውስጥ ናት?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ወፍጮ ቤቴ ጎን?»

«አዎ።»

«ተነሱ!»

የጋብቻው ጉዳይ በቆመበት ቆሞ ሁላችንም በካፊያው ወጣን። የኋላውን ወንበር አነሳን። ወንበሩ ከስሩ ስፖንጅ ሆኖ ኖሯል። እዚያ ስር፣ በመምሬ መቀመጫ በኩል፣ የታንከሩ አናት ላይ፣ የሻይ ሳህን የምታክል ክብ ክዳን አለች፤ ዙሪያዋ ቤንዚን አቁሯል። ክዳኗን ከታንከሩ ጋር የሚያሽገው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ለካ ታንከሩ እስኪጎድል ድረስ ብቻ ነው የሚያፈሰው! አፍ እስከ ገደፉ ሲሞላ፣ መኪናዋ በዘለለች ቁጥር በስንጥቁ ይተፋል፤ ጎደል ሲል ይተዋል። መካኒኩ ጋ የወሰድኳት የጎደለች ዕለት ነው። እኔው በስስቴ እየሞላሁ፣ እኔው ሳሸት ኖሬያለሁ።

«አላልኩህም!» አሉ ጋሽ አለነ። ብለውኝ አያውቁም።

ሥራው ተጀመረ። መጀመሪያ ታንከሩ መጉደል አለበት ተባለ። አቶ እንየው ከወፍጮ ቤት ቀጭን ቱቦና ባዶ ጀሪካን አመጡ። በአፍ ስቦ ማስጀመር ሲመጣ ሁላችንም ወደ ጋሽ አለነ ዞርን። ጋሽ አለነ እኔን አተኩረው አዩኝ።

«እኔ ለዚህ መኪና ምላሴን ከፍያለሁ» አሉ። ሌሎቹ አልገባቸውም። ሳብኩት እኔው። የቤንዚንን ጣዕም ልገልጽላችሁ አልችልም፤ ጨው ግን የለበትም።

ቤንዚኑ ወደ ጀሪካኑ መውረድ ጀመረ። አቶ እንየው ጀሪካኑን ይዘው ጎንበስ ብለዋል፤ እኔ ቱቦውን ይዣለሁ። የግቢው በር ደግሞ ተከፍቶ ቀርቷል። ያን ጊዜ አንድ የባጃጅ ሹፌር በበሩ ሲያልፍ ፍሬኑን ረግጦ ቆመ።

«አቶ እንየው!» አለ ዓይኑ በርቶ። «ጀመሩ እንዴ?»

«ምኑን ጀመርኩ?»

«ቤንዚኑን ነዋ! አንድ ሃይላንድ ጠርሙስ ሙሉ ቢሰጡኝ ይበቃኛል።»

«የሚሸጥ አይደለም! ሂድ!»

ሄደ። የሄደው ግን ጓደኞቹን ሊጠራ ኖሯል። ጥቂት ቆይቶ በሩ ላይ ባጃጆች ተደረደሩ። ከባጃጆቹ ኋላ ሞተር ሳይክል፣ ከሞተር ሳይክሉ ኋላ ጣሳ የያዘ፣ ከጣሳው ኋላ ለምን እንደተሰለፈ የማያውቅ ሰው። «ተራ አክብሩ!» የሚልም ተነሳ። አንዲት ሴትዮ «ዘይት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አይሸጥም አልኳችሁ!» ጮኹ አቶ እንየው፣ ጀሪካኑን አቅፈው።

«ለሀብታም ሲሆን ይሸጣል» አለ አንዱ ከኋላ።

«በጀሪካን የሚነግድ እያሉ ሲራገሙ የነበሩት እሳቸው አይደሉ?» አለ ሌላው።

የአቶ እንየው ፊት ሲቀላ አየሁ። ጀሪካኑን መሬት እንዳይጥሉት ቤንዚን ነው፤ እንዳይዙት ስማቸው ነው። ሐጂ ሰይድ በሩን ሊዘጉ ሄዱ፤ ሰዎቹ ግን ባለሱቁ እሳቸው መስለዋቸው ጣሳቸውን ዘረጉላቸው።

ትሁንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት እዚህ ላይ ነው። ከጓዳ በኩል ወጥታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ የወፍጮ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆመች። ተማሪ ሲንጫጫ ዝም የምታሰኝበት ድምፅ አላት።

«ስሙ!» አለች። ሰልፉ ዝም አለ። «ቤንዚን አይሸጥም! እነዚህ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የመጡት እኔን ሊጠይቁ ነው፤ መኪናቸው ተበላሽቶ ነው። አሁን ሂዱልን!»

ሰልፉ ተያየ። ከዚያ ያቺ ዘይት ስትጠይቅ የነበረችው ሴትዮ ጣሳዋን ብብቷ ውስጥ ከታ «እልልልል!» አለችው። ሌሎቹ ተቀበሏት። ባጃጆቹ በሙሉ ጥሩንባቸውን ነፉ። «እንኳን ደስ ያለዎ፣ አቶ እንየው!» «አማችዎን እግዜር ይባርክልዎ!» እያሉ፣ እየጨበጧቸው፣ ጀሪካን ያቀፈ ሰው እንዴት ይጨበጣል ሳይሉ፣ ተበተኑ።

አቶ እንየው ልጃቸውን አዩ። ልጃቸውም አየቻቸው፤ ዓይኗን አልሰበረችም።

«እኔ መልሴን ሳልናገር ሰፈሩ ተናገረው» አሉ።

«መልስዎ ሌላ ነበር እንዴ፣ አባዬ?»

ጀሪካኑን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። መምሬ፣ ሐጂ፣ ጋሽ አለነ፣ እኔም ከነቱቦዬ፣ ዝናቡ እየወረደብን ቆመን ጠበቅን። ወንድሜ ምግብ ይብላ አይብላ የሚወሰነው እዚያ ነበር።

«አልነበረም» አሉ በመጨረሻ። «ይሄንን በወግ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር እንጂ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር።»

«ይናገሩት እንጂ!» አሉ ሐጂ ሰይድ በደስታ።

«አሁን ጀሪካን ይዤ?»

የቀረው ቀላል ነው። አቶ እንየው ለወፍጯቸው ሞተር ማሸጊያ የሚያስቀምጡት፣ ቤንዚን የማይበላው ወፍራም ወረቀት ነበራቸው። ሐጂ ሰይድ ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ የቆረጡ ናቸውና በወይዘሮ ፈንታዬ መቀስ በክዳኗ ልክ ክብ አድርገው ቆረጡት። ለጠርዙ ደረቅ ሳሙና ይቀባ ሲባል ወይዘሮ ፈንታዬ ጥሩ መዓዛ ያለውን የገላ ሳሙና አመጡ፤ ጋሽ አለነ «የልብስ ይሁን» አሉ፤ «ለእንግዳ የልብስ ሳሙና አላቀርብም» አሏቸው። በገላ ሳሙናው ተቀባ። ብሎኖቹን አጥብቄ፣ ቤንዚኑን መልሼ፣ መኪናዋን ይዤ ግቢውን ዞርኩ። ወንበሩን አንስተን ብናይ ክዳኗ ደርቃለች! ተቃቀፍን። ከዚያ ነው ወንበር ቀርቦልን የተቀመጥነው፤ ንግግሩንም አቶ እንየው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰሙን። ረጅም ነበር። ስለ ነዳጅ ግን ምንም አልነበረበትም።

ስንወጣ አቶ እንየው መምሬን በክንዳቸው ይዘው ገለል አደረጓቸውና በጆሯቸው አንድ ነገር ነገሯቸው። መምሬ በከባዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። መኪና ውስጥ ምን እንዳሏቸው ብንጠይቅ «ለልጁ ነው የምነግረው» ብለው አፋቸውን ዘጉ።

ወንበሩ የጠጣው ቤንዚን ገና አልለቀቀም ነበርና መስታወቶቹን ሁሉ አውርደን ተመለስን። ማንም ዝጋ ለማለት አልደፈረም። ዝናቡ በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። እንጅባራ ስንደርስ አራታችንም እንደ እርጥብ ማቅ ተጣብቀናል፤ ብርዱ ጥርሳችንን ያንቀጫቅጨዋል፤ አንድ ቃል የሚወጣው ሰው የለም።

ይበልጣል አስፋልቱ ዳር፣ ያለ ጃንጥላ፣ ቆሞ ሲጠብቀን ኖሯል። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ሲወርዱ አየ፦ ራሳቸውን የደፉ፣ ውሃ የሚያንጠባጥቡ፣ ከንፈራቸው የሚንቀጠቀጥ። አንዱ ደግሞ የሰው ጋቢ ለብሰዋል።

«እምቢ አሏችሁ?» አለ። «ደበደቧችሁ?»

ሐጂ ሰይድ ሊመልሱለት ሞከሩ፤ ጥርሳቸው «ቀጭ ቀጭ» ብቻ አለ። ጋሽ አለነ እጃቸውን አንስተው የሆነ ምልክት ሰጡት፤ ምልክቱን ማንም አልተረዳውም። ይበልጣል መሬት ላይ ቁጭ ሊል ሲል መምሬ ጥሩነህ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ።

«ሰ-ሰጥተውሃል፣ ልጄ» አሉት። «ደ-ደስ ብሏቸው ሰጥተውሃል። አንድ ነገር ብቻ ለምነዋል። ሙሽራይቱ በ-በወንድምህ መኪና እንዳት...»

«እሺ!» አለ ይበልጣል። መምሬ ገና አልጨረሱም፤ እሱም ዞር ብሎ አላየኝም።